የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ በጎጃም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ችሎቶች የወንጀል ተከሳሾችን ወክዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በፍርድ ቤት ደጃፍ፣ በማረሚያ ቤት በር፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ድንኳን ሳይቀር የሚቀርቡልኝ ናቸው። መልሶቼ ጠቅላላ ግንዛቤ ለመስጠት ነው፤ የእናንተን መዝገብ አገላብጦ የሚመክራችሁን ጠበቃ አይተኩም።

ነፍስ ያጠፋን ሰው እንዴት ይከላከላሉ? ኅሊናዎን አይቆረቁረዎትም?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው። የሚጠይቁኝም ክፉዎች አይደሉም፤ ሟቹ ጎረቤታቸው ወይም አበ ልጃቸው ሊሆን ይችላል። መልሴ ግን አይለወጥም። ሰውዬው ነፍስ ማጥፋቱ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት፣ በሕግ ፊት ደግሞ የሚረጋገጠው በማስረጃ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ እስኪፈረድ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ፣ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይ፣ ምስክሮችን እንዲጠይቅና በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል ደንግጓል። እኔ የምቆመው ይህ በወረቀት ላይ እንዳይቀር ነው።

በገጠር ቀበሌ ነፍስ በጠፋ ማግስት ስም መጠራቱ አይቀርም። ከሟች ጋር በድንበር የተጣላ፣ አምና በገበያ የተሰዳደበ፣ ወይም በዚያ ሌሊት ከቤቱ ያላደረ ሰው ይጠረጠራል። አንዳንዴ የተጠራው ስም ትክክል ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ እውነተኛው ገዳይ ከለቀስተኛው መካከል ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ አንድ በአንድ ሲፈተሽ ነው። ያልገደለ ሰው ተፈርዶበት ወኅኒ ሲወርድ ፋይሉ ይዘጋል፤ ገዳዩን ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለም። የሟች ቤተሰብ ይህንን ቢያስብልኝ እላለሁ፤ የእኔ ክርክር የእነርሱንም እውነት ይጠብቃል።

ገደለ ከተባለ ገደለ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ክርክር አለ?

ብዙ አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው አባባል በወንጀል ሕጋችን ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ ተዘርግቶ ይገኛል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ሰው መግደልን በደረጃ ይከፍለዋል። አንቀጽ 539 አስቀድሞ ታስቦበት፣ በጭካኔ ወይም ለሌላ ወንጀል መንገድ ለመጥረግ የተፈጸመውን ከባድ ግድያ ይመለከታል፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ የሚባለውን ይዞ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ ከሕጋዊ መከላከል ወሰን አልፎ ወይም በከባድ ትንኮሳና በድንገተኛ የስሜት መናወጥ ለገደለ ሰው ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ይላል። በቸልተኝነት የደረሰ ሞት የራሱ አንቀጽ አለው።

ከዚህም ሌላ አንቀጽ 78 አለ። በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ በሕገ ወጥ መንገድ የመጣን ጥቃት ሌላ መውጫ አጥቶ፣ ከጥቃቱ ጋር በሚመጣጠን መንገድ የተከላከለ ሰው አይቀጣም። ሌሊት መጥረቢያ ይዞ በሩን የሰበረበትን ባላንጣ በዱላ መትቶ የገደለ ገበሬና ከገበያ መልስ ጥሻ ሥር አድፍጦ የጠበቀ ሰው አንድ ዓይነት ሬሳ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው የቅጣት ርቀት ግን ከነጻነት እስከ ሞት ነው። ያንን ርቀት የሚወስኑት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፦ ማን ማን ቤት ሄደ? በሩ ከየት በኩል ተሰበረ? ስንት ጊዜ ተመታ? የመጨረሻው ምት ሲያርፍ ሟቹ ቆሞ ነበር ወይስ ወድቆ?

የወንጀል ጠበቃ ሥራ ችሎት ላይ መናገር አይደለም እንዴ?

መናገር የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በጎጃም ሰው ጠበቃን በአንደበቱ ቢመዝን አይፈረድበትም፤ ቅኔው የአገሩ ነው፣ አባቶቻችንም በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ በበቅሎና በማር እየተወራረዱ ሲሟገቱ አድማጭ ከሩቅ ይመጣ ነበር። እኔም ያንን ቅርስ እወደዋለሁ። የዛሬ ዳኛ ግን ፍርዱን የሚጽፈው በመዝገቡ ካለው ማስረጃ ተነሥቶ ነው፤ ያማረ ንግግር ያልቀረበን ማስረጃ አይተካም። ስለዚህ የሥራዬ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው በማሳ ድንበር፣ በሆስፒታል ኮሪደርና በማረሚያ ቤት መጠየቂያ ላይ ነው።

የአንድ ዓይነት ክርክር መልክ ላሳያችሁ። ምስክሩ በነሐሴ አመሻሽ ላይ ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ተከሳሹ ሟችን ከማሳው ማዶ በዱላ ሲመታ ማየቱን ይናገራል። ምስክርነቱ የሚሰማው በጥር ነው። በጥር ከዚያ ደጃፍ የቆመ ሰው እስከ ወንዙ ድረስ ያያል፣ አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ገላጣ ነውና። የችሎቱ ሰው ሁሉ በዓይነ ኅሊናው የሚስለው ይህንን ገላጣ መሬት ነው። በነሐሴ ግን በቡሬና በወንበርማ በኩል ማሳው በቆሎ ተዘርቶበት ከነበረ ከረጅም ሰው ራስ በላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ «በዚያ ክረምት ማሳው ምን ተዘርቶበት ነበር?» የሚል ይሆናል። ጤፍ ከነበረ ምስክሩ ሊያይ ይችል ይሆናል። በቆሎ ከነበረ አይችልም። መልሱን ባለማሳው ያውቃል፣ ድንበርተኞቹ ያውቃሉ፣ ዘርና ማዳበሪያ ሲከፋፈል የነበረው የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ሊያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ከቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይገኝም፤ ጫማ አጥልቆ ጭቃውን መርገጥ ይጠይቃል።

«በጨረቃ አየሁት» የሚል ምስክርነትም እንደዚሁ ነው። የእኛ ወር በፀሐይ ስለሚቆጠር ዕለቱ ሚካኤል ወይም ማርያም መሆኑ ብቻ ጨረቃዋ ሙሉ ትሁን ጎደሎ አይነግርም። የዚያን ሌሊት የጨረቃ ዕድሜ ማስላት ግን ይቻላል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሊቅ ወዲያው ያሰላዋል፣ በጎጃም እንዲህ ያለ ሊቅ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ስሌቱን ፍርድ ቤት ሊቀበለው በሚችለው መንገድ በባለሙያ ማስረጃነት ማቅረብ የጠበቃው ድርሻ ነው።

የሕክምና ማስረጃውም መስመር በመስመር ይነበባል። ቁስሉ በስለታም ነገር የደረሰ ነው ወይስ በደነዝ? ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ምስክሩ «በመጥረቢያ መታው» ካለ፣ ሐኪሙ ደግሞ የጻፈው የዱላ ምት ከሆነ ከሁለቱ አንዱ መልስ ይፈልጋል።

ወንድሜን ፖሊስ ይዞታል። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የት ጣቢያ እንዳለ እወቁ፣ ከዚያ ስንቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 61 የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ የማነጋገር መብት አለው ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ የንስሐ አባቱና ሐኪሙም እንዲጎበኙት ይፈቅዳል።

ለተያዘው ሰው የምትነግሩት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ዝም የማለት መብት አለው። በተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል በኋላ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ተገድዶ የሰጠው የእምነት ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ተቀባይነት የለውም፣ ሆኖም ተገድዶ መስጠቱን በወራት ልዩነት ከማስረዳት ይልቅ መጀመሪያውኑ አለመናገር እጅግ ይቀላል። ተመቶ ከሆነ ፍርድ ቤት በቀረበበት በመጀመሪያው ቀን ለዳኛው ይናገር፣ ሰውነቱን ያሳይ፣ ይመዝገብልኝ ይበል። ሰንበሩ ከጠፋ በኋላ የተነገረ አቤቱታ ክብደቱ ይቀንሳል።

ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም የተያዘውን ሰው አስሮ የሚያቆይበት ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ብዙ ቤተሰብ ጊዜ ቀጠሮን እንደ ወግ አይቶ ዝም ይላል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ «ባለፈው በተሰጣችሁ ቀን ምን ሠራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሦስት ምስክር እቀበላለሁ ብሎ 14 ቀን የወሰደ መርማሪ አንድም ሳይቀበል ተመልሶ ቢጠይቅ፣ ዳኛው ያንን ማወቅ አለበት።

አማርኛ የማይሰማ ሰው በሚገባው ቋንቋ የተያዘበት ምክንያት ሊነገረው፣ በችሎትም አስተርጓሚ ሊመደብለት ይገባል። የአዊኛ ተናጋሪ ሆኖ በአማርኛ ጥቂት ስለሚግባባ ብቻ ያለ አስተርጓሚ የሚቀርብ ሰው አይቻለሁ። ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅና የነፍስ ግድያ ክስ መከታተል እኩል ቋንቋ አይፈልጉም።

በነፍስ ግድያ ዋስትና የለም ይባላል። እውነት ነው?

በአብዛኛው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትናን የሚዘጋው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተበዳዩ ሲሞት ወይም ይሞታል ተብሎ ሲሠጋ ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የሚመርጠው አንቀጽ ራሱ የተከሳሹን የወራት ወይም የዓመታት ነጻነት ይወስናል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 የተከሰሰ ሰው ታስሮ ይከራከራል፤ በ541 የተከሰሰ ግን ዋስትና ሊጠይቅ ይችላል።

ተበዳዩ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ዋስትና የተከለከለበት ሰው ቤተሰብ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ተበዳዩ ድኖ ሲወጣ ለሕይወቱ እንደማያሰጋ የሚያስረዳ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ ጥያቄውን ማደስ ይቻላል። ዋስትና የከለከለ ትእዛዝ ላይ በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት አቤት ማለትም ይቻላል።

ገበሬ የሚያርሰው መሬት ስለማይሸጥ ለዋስትና መያዣነት ብዙ አይረዳውም። በተግባር የሚሠራው ጥሬ ገንዘብ ወይም ደመወዝተኛ ዘመድ ነው። ደመወዝተኛው ዘመድ የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ ማስረጃ አስቀድሞ ይያዝ።

መስቀለኛ ጥያቄ ምስክርን ማዋረድ ነው?

በጭራሽ። ሕጉ የመስቀለኛ ጥያቄን ዓላማ አስቀምጦታል፦ በዋናው ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ውስጥ ስሕተት የሆነውን፣ የሚያጠራጥረውን ወይም ሐሰት የሆነውን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው። በገጠር ምስክሮች ላይ የሚጮኽ ጠበቃ አልወድም። አንዲት እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብተው በማያውቁት አዳራሽ፣ ካባ ከለበሱ ዳኞች ፊት ምለው ቆመዋል። እርሳቸውን ማስደንገጥ ቀላል ነው፤ ከደነገጠ ሰው ግን እውነት አይወጣም።

አንዱን ልጻፈው። በፖሊስ የተመዘገበው ቃል «ተከሳሹ ሲመታው አይቻለሁ» ይላል።

«እማማ፣ ጩኸቱን ሲሰሙ እንጀራ እየጋገሩ ነበር አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«ምጣዱ ያለው ከጓዳ ነው?»

«ከጓዳ ነው።»

«እሳቱን ሳያጠፉ ጥለው አልወጡም መቼም።»

«እንዴት ተደርጎ! አዳፍኜ ነው የወጣሁ።»

«ሲወጡ ሰው ተሰብስቦ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር እንጂ። እያለቀሱ ደረስሁ።»

እዚህ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሴትዮዋ አልዋሹም። የሰሙትንና ሰው የነገራቸውን ተናገሩ፣ የጻፈው መርማሪ ደግሞ «አይቻለሁ» ብሎ አሳጠረው። አንድ ጥያቄ ጨምሬ «ታዲያ አላዩም ማለት ነው?» ብል «እንዴ፣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል!» የሚል መልስ ይመጣና የተገኘው ይበተናል። መቼ ዝም እንደሚባል ማወቅ በዚህ ሙያ ከሁሉ ዘግይቶ የሚመጣ ትምህርት ነው።

«ይከላከል» ተብሏል። ተፈረደበት ማለት ነው?

አይደለም። ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ መልስ የሚያስፈልገው ሆኖ አግኝቶታል ማለት ብቻ ነው። ማስረጃው በቂ ባይሆን ኖሮ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት መከላከያ ሳይጠየቅ በነጻ ያሰናብተው ነበር። ከብይኑ በኋላ የመከላከያ ምስክሮች ይሰማሉ፣ የመጨረሻ ክርክር ይቀርባል፣ ከዚያ ፍርድ ይሰጣል። ይህን ባለማወቅ ስንት ቤተሰብ በዚያ ቀን እንደሚላቀስ አይቻለሁ፤ ከዚያም የባሰው፣ ተስፋ ቆርጦ የመከላከያ ምስክሮቹን ሳያመጣ የሚቀረው ነው።

ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ከወረደ ክሱ ይቀራል?

በነፍስ ግድያ አይቀርም። ክሱ የመንግሥት ስለሆነ የሟች ቤተሰብ ይቅር ማለቱ ብቻ አያቋርጠውም። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ቀላል ጥፋቶች ግን ዕርቅ ክርክሩን ሊያስቀር ይችላል።

እንዲህ ሲባል ዕርቁ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ባይገቡ ኖሮ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ብቻውን ደም መላሽን አያቆመውም። የታሰረው ሰው አሥር ዓመት ተፈርዶበት እንኳ የሟች ወንድም የታሳሪውን ወንድም ሊጠብቅ ይችላል። በአንድ ግድያ ምክንያት የሁለት ቤት ሰው ቀዬውን ጥሎ ሲሰደድ፣ ልጆች ከትምህርት ሲቀሩ አይተናል። ዕርቁ የሚያድነው እነዚህን ነው፣ በእኔ እምነት ሊከበርም ይገባዋል።

በችሎትም ቦታ አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን፣ ራስን ለሕግ አሳልፎ መስጠትንና የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ይቀበላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006ም ማቅለያዎች በቅጣቱ እርከን ላይ እንዴት እንደሚቆጠሩ ያሳያል። ካሳ የተከፈለበትና የሟች ቤተሰብ የፈረመበት የዕርቅ ሰነድ ስለዚህ ይጠቅማል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ! አላደረግሁም ብሎ የሚከራከር ሰው ዕርቅ ሲቀመጥ ትልቅ አደጋ ይመጣል። የዕርቁ ሥርዓት አጥፊው ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይጠብቃል። ያልገደለ ሰው ለወንድሞቹ ደኅንነት ሲል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ሰነድ ይፈርማል፤ ሰነዱም ውሎ አድሮ በራሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹን አስቀድሞ አነጋግሮ ቃሉን ማስተካከል ይቻላል፦ ቤተሰቡ በደረሰው ሐዘን ተካፋይ መሆኑንና ሰላም መፈለጉን የሚገልጽ፣ ማን ምን እንዳደረገ ግን ለፍርድ ቤት የሚተው ሰነድ። አስተዋይ ሽማግሌ ይህንን ሲያስረዱት ይገባዋል። ከመፈረማችሁ በፊት ሰነዱን ለጠበቃችሁ አሳዩ።

ደንበኛዎ «አዎ፣ አድርጌዋለሁ» ቢልዎትስ?

በእኔና በእርሱ መካከል ይቀራል። የሙያ ምስጢር መጠበቅ ግዴታዬ ነው፣ ያንን ማውጣትም ያስጠይቃል። እያወቅሁ ግን የሐሰት ምስክር አላቆምም፣ «በዚያ ቀን ባሕር ዳር ነበርሁ» እንዲል አላስጠናውም። የሚቀረኝ ክርክር ሰፊ ነው፦ የቀረበው ማስረጃ ያስረዳል ወይ? አንቀጹ ትክክል ነው ወይ? ማቅለያው ምንድን ነው? ለደንበኞቼ የምለው ሁሉንም ንገሩኝ ነው። የሚጎዳኝ የሰማሁት መጥፎ ነገር አይደለም፤ ከዐቃቤ ሕግ ምስክር አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሰማው ነው።

ተከሳሹ ልጅ ነው። ይህ ለውጥ አለው?

ትልቅ ለውጥ አለው። ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ለአዋቂዎች የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ልዩ እርምጃዎች ብቻ ናቸው የሚወሰኑበት። ከዚያ በላይ እስከ አሥራ ስምንት ያለውም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፣ ሞትም አይፈረድበትም። ችግሩ ዕድሜን ማስረዳቱ ላይ ነው። በገጠር የልደት ምዝገባ የሌለው ልጅ ብዙ ስለሆነ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርድ ፈልጉ። እረኛ ልጅ ቁመቱ ዘለግ ስላለ ብቻ «18 ዓመት» ተብሎ በፖሊስ መዝገብ ሲሰፍር ዝም አትበሉ።

ገንዘብ የለንም። ጠበቃ ከየት እናገኛለን?

ሕገ መንግሥቱ አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ቢከራከር ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዝዛል። በፍርድ ቤቱ ሥር ያሉ ተከላካይ ጠበቆች ለዚህ ነው የተመደቡት። ተከሳሹ በችሎት «አቅም የለኝም፣ ጠበቃ ይቁምልኝ» ይበል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩ ጠበቆች የወጣው ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት 50 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲያገለግሉ ያስቀመጠው ነጻ አገልግሎት ምጽዋት ስላልሆነ ነው፤ የሙያው አካል ነው።

የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃን አትናቁ። በነፍስ ግድያ መዝገብ ከእነርሱ የበለጠ የለመደ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጫናቸው ብዙ ነውና እናንተ እርዷቸው፦ የምስክሮችን ስምና ቀበሌ ጽፋችሁ ስጧቸው፣ በቀጠሮ ቀን ምስክሮቹን አምጡላቸው።

ስንት ያስከፍላሉ? ነጻ እንደሚወጣስ ዋስትና ይሰጣሉ?

ክፍያው በስምምነት ነው፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ውጤትን ዋስትና የሚሰጥ ጠበቃ ግን የለም። «ይህን ያህል ጨምሩ፣ ለዳኛው አደርሰዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጠበቃም ይሁን ደላላ ከአጠገቡ ሽሹ። ጉቦ ወንጀል ነው፤ ዘመዳችሁን ለማስፈታት ብላችሁ ሌላ ታሳሪ ታተርፋላችሁ። በሬ ሸጠው ለእንዲህ ያለ ሰው የሰጡ ገበሬዎች ባዶ እጃቸውን ቢሮዬ ሲደርሱ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው።

ልጄ የወንጀል ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። መንገዱ ምንድን ነው?

የሕግ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የፈቃድ ፈተና። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የክልሉ የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመከራከር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራው የፌዴራል ፈቃድ አለ። ብዙዎቻችን ወደ ጥብቅና የመጣነው ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆነን ከሠራን በኋላ ነው። እኔ ለወጣቶች የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው። ክስ የሚያዘጋጅ ሰው ማስረጃ የት ላይ እንደሚሳሳ ያውቃል፤ ፍርድ የጻፈ ሰው ደግሞ ዳኛ ምን ሲጎድልበት እንደሚቸገር ያውቃል። ጀማሪው በወረዳ ፍርድ ቤት ይጀምር፣ በከፍተኛው የሚደረጉ የነፍስ ግድያ ክርክሮችን ተቀምጦ ያድምጥ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የነጻ ትምህርት ቤት ነው።

ከተፈረደ በኋላ ምን ይቀራል?

ቀን መቁጠር። ይግባኝ ማለትን በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻ ማቅረብ ያስፈልጋል። ከዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚነሣ ይግባኝ ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ያንን የሚያርም ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። በሰበር «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚል ክርክር ቦታ የለውም፣ የሚታየው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ለዚህም ነው በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ያልተነሣ ጥያቄ፣ ያልተመዘገበ መቃወሚያ በኋላ የሚያስቆጨው።

መንገድ በተዘጋበት፣ ምስክር በተሰደደበት ጊዜ ክርክር እንዴት ይሄዳል?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ይህንን ጥያቄ የየቀን አድርጎታል። ቀጠሮ ይራዘማል፣ ምስክር ከወረዳው መውጣት ይፈራል፣ ታሳሪው እዚያው ሆኖ ይጠብቃል። ማድረግ የሚቻለው የምስክሩን አድራሻና ስልክ ቀድሞ መያዝ፣ መቅረብ ያልቻለበትን ምክንያት በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት፣ መዘግየቱ የዐቃቤ ሕግ ከሆነ ደግሞ የተከሳሹ የተፋጠነ ፍርድ የማግኘት መብት በእያንዳንዱ ቀጠሮ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ማንም ምስክር ለእኔ ክርክር ሲል ሕይወቱን አደጋ ላይ እንዲጥል አልጠይቅም።

ወደ ቢሮዎ ስንመጣ ምን ይዘን እንምጣ?

ክሱ ከደረሳችሁ ግልባጩን፣ ካልደረሳችሁ የመዝገብ ቁጥሩን። የሕክምና ወረቀት ካለ አንድም ሳይቀር። ነገሩ የተፈጸመበትን ቦታ በእጅ የተሣለ ንድፍ፤ ቤቱ፣ ማሳው፣ መንገዱ፣ ዛፉ የት የት እንዳለ። የነበሩ ሰዎችን ስም ዝርዝር፣ የሚጎዱን የሚመስሏችሁን ጨምሮ። ከሟች ወገን ጋር ቀድሞ የነበረ ክርክር ካለ የመሬትም ይሁን የጋብቻ፣ ወረቀቱን አምጡ። ብዙ ሆናችሁ ከመጣችሁ ምስክር የሚሆኑት ሰዎች ውጭ ይጠብቁ፤ አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ እንዳይለውጥ አንድ በአንድ አነጋግራቸዋለሁ።